የነቀልኩት ገመድ

— ሄሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ። ቆይ፣ ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ፦ ከኤኮ ጋር አብሮ የተቀዳ ድምፅ፣ ኤኮው በኋላ ከላዩ ይነሳለታል ወይስ አይነሳለትም?

— አይነሳም። … እርግጠኛ ነህ? … አልተቆጣሁም። ድምፄ ነው የተቆጣሁ የሚያስመስለኝ። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተን ይኼን አታውቅም፣ ሽቦ?

— ሞክሬያለሁ። ያጸዳል የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ ኮምፒዩተሬ ላይ ጭኛለሁ። ቀለም እንደሚለቅ ጨርቅ ነው፤ እድፉን ባጠብኩት ቁጥር ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻ የቀረልኝ የኪቦርዷ፣ የሲንተሳይዘሩ ድምፅ ሳይሆን ቱቦ ውስጥ የገባ ንብ ነው።

— ለማን? ለእህቴ ለእትዬ ነዋ፣ ለማን ይሆናል። … እንዴ፣ አልሰማህም? ሰው የነገረህ መስሎኝ… ስትሮክ ነው። ቀኝ ጎኗን። ከታመመች ሰባተኛ ወሯን ያዘች። … ትናገራለች። በምርኩዝ ነው እንጂ ትራመዳለችም። ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ነው። … አንተ ከየት ታውቃለህ? ስልክህን ሳላነሳ የከረምኩት እኔ።

— አሁን ያንን ዜማዋን በግራ እጇ ልትማረው ትፈልጋለች። ታውቃታለህ፣ ኖታ የሚባል ጽፋ አታውቅም፤ ዜማው የተቀመጠው ጣቷ ውስጥ ነበር፣ ጣቷ ደግሞ… አዎ። ስለዚህ ያኔ ጤነኛ ሳለች የቀዳነውን ከፈትኩላት። ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ? «አዳራሹ ይሰማኛል፤ እኔ ግን የታለሁ?»

— እትዬ፣ አንዴ ድምፁን ቀንሺልኝ፣ ስልክ ላይ ነኝ። … ሽቦ ነው። … አዎ፣ እሱ ራሱ። … ሰላም ትልሃለች። ኪቦርዱን ስትነካካ ይሰማሃል አይደል? ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ እዚያችው ስድስት ድምፅ ላይ ነች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ኤኮው ይውጠዋል። እኔ በግምት ወደ ላይ ነው እላታለሁ፣ እሷ አይደለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች።

— ምን? … እንዴት ነበር የተሰካው? እሱን እኔን ትጠይቀኛለህ? … እሺ። ሁለቱ ሲንተሳይዘሮች ወደ ሚክሰር፣ ከሚክሰሩ ወደ ኤኮ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ኮምፒዩተር። … አዎ፣ ይኼ የእኔ ነው። የአንተ ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንዱ በሳጥኑ በኩል ዞሮ የሚገባ፣ ሌላው ከሚክሰሩ በቀጥታ፣ ደረቁ፣ ምንም ያልነካው። ኮምፒዩተሩ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ኤኮው በዛ ስንል ቀነስ፣ አነሰ ስንል ጨመር…

— ጨርሰው እንጂ። «ነግሬህ ነበር» በል። ለዚህ አይደል የደወልከው? … አዎ፣ ደውልልኝ ብዬ መልእክት የተውኩት እኔ ነኝ። … ይቅርታ። አፌ ይቀድመኛል፤ እኔ ከኋላ ነው የምደርሰው።

— ጽሑፉን? ልረሳው ብፈልግ ሰው መች ያስረሳኛል። በማኅበራችን መጽሔት፣ ሙሉ ሁለት ገጽ። «ፈሪ ሁለት ጊዜ ይቀዳል»። ደረቁን ጓዳ ሸሽጎ ኤኮ የነካውን፣ እርጥቡን ሳሎን የሚያቀርብ ባለሙያ በአንዱም አያምንም ብዬ ጻፍኩ። ስምህን አልጠራሁም፤ ገመድ መቀጠል እንጂ መምረጥ የማይሆንለት ስል ግን ማን እንደሆንክ ያላወቀ የለም። … ሁለት ስቱዲዮ? … በእሱ የተነሳ መጥራት ተዉህ? … አላውቅም ነበር። … አይ፣ ልዋሽህ አይደል። የአንዱን አውቅ ነበር።

— እና ልንገርህ፣ ያኔ እውነት መስሎኝ ነው። አሁንም ግማሹ እውነት ይመስለኛል። ሁሉን ነገር ለነገ እያሳደረ አንዲት ነገር ሳይወስን የሚያረጅ ሰው አለ፣ አሳይሃለሁ። ግን አንተ አይደለህም። አንተ ደረቁን ልታስቀር የፈለግከው እሷ «በኤኮው ውስጥ ጣቶቼ አይሰሙኝም» ብላ ስለነበር ነው። ባዳው ሰማሃት። እኔ ወንድሟ «ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ምን አለኝ ነው ያልከው? … ቀስ ብለህ ንገረኝ። … የድምፁን ልክ ስታስተካክል የቀዳኸው። እኔ ከመድረሴ በፊት። በደረቁ መንገድ። … እና እስካሁን አላጠፋኸውም?

— ስንት ደቂቃ ነው? … አራት። ሁለቱን ለየብቻ… ቆይ፣ ቆይ። የላይኛውን ሲንተሳይዘር የምትጫወተው በቀኝ እጇ ነው። ለብቻው ካስጫወትካት፣ ቀኝ እጇ ብቻውን አለ ማለት ነው። … ቀስ አድርጋ? … ልኩን እስክታገኝ በርጋታ ሂጂ ስላልካት። አንተ ሰው፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚያ አስቀምጠህ… አይ፣ አልጨርሰውም። ስልክ ያላነሳሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። አጫውተው። እዚያው ስልኩ አጠገብ አጫውተው።

— …

— እሷ ነች።

— … ቀለበት ጣቷ ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገይ ነበር፤ ይኸው ዘገየች። በልጅነታችን በዚህች ጣት ስንት አሹፌባታለሁ። ኤኮው ውስጥ ይህች መዘግየቷ አትሰማም ነበር።

— … ይኼ ምንድን ነው? ይኼ ጧ ያለው? … ለምን ቆመ? የዜማው ሦስተኛው ዙር ገና ነው እኮ፣ አልገባችበትም።

— እ።

— አዎ። እኔ ነኝ። በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ሁለቱን ገመዶች አየሁ፣ ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳልል ሄጄ የደረቁን ነቀልኩት። እጇ ቁልፎቹ ላይ ነበር። … እንግዲህ ሦስተኛው ዙር ያለው ኤኮው ውስጥ ብቻ ነው። እዚያው ይቀራል።

— አዎ፣ ቁረጠው። ጧ የሚለውን አውጣና ላክልኝ። ድምፁን ቀስ በቀስ ቀንሰው፣ እሷ ራሷ ያቆመችው ይምሰል። ለአንተ ምን አላት፣ የደቂቃ ሥራ ነች።

— ምን አልሽ፣ እትዬ? … አዎ፣ ያንቺ ነው። ደረቁ። ሽቦ አስቀርቶት ነበር። … ሙሉው እንኳ አይደለም። … ለምን ጎደለ? … ቆይ፣ እነግርሻለሁ።

— ሄሎ። አትቁረጠው። … ሰማኸኝ፤ እንዳለ ተወው። አሳምራለሁ ብዬ አይደል መጀመሪያም ያጠፋኋት። አሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ላደርገው ነው፤ ከመጀመሪያው ልቀቀው።

— ነይ ጠጋ በይ። … አይ፣ እኔ ልያዝልሽ፤ ግራሽን ለኪቦርዱ ተይው።

— …

— አትቸኩይ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። … ሰባተኛዋ እሷ ነበረች? ወደ ታች ነው እንዴ የምትወርደው? እኔ ሳምንት ሙሉ ወደ ላይ እያልኩ… እሺ። ዝም እላለሁ።

— …

— አዎ፣ ያ እኔ ነኝ። ጧ ያለው። … አንቺማ እዚያው ነበርሽ፣ ምን እነግርሻለሁ። … እሺ። እሺ፣ እለዋለሁ።

— ሽቦ፣ «እንደገና ይልቀቀው» ትላለች። … ሌላ ምንም አላለችም። ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

— አሁኑኑ ላከው፣ በኮምፒዩተሩ እከፍትላታለሁ። … «ግድ የለም» አትበለኝ። ግድ አለው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስሰድብህ አንዲት መስመር አልመለስክም። ለምን? … «ካንተ ጋር ማን ይከራከራል?» ይኸው ነው በሽታው። ሰው ዝም ሲለኝ ያሸነፍኩ ይመስለኛል። አንተ ዝም አልክ፣ እሷም ዝም አለች፤ እኔ ሁለታችሁንም ያሳመንኳችሁ መስሎኝ ተኛሁ።

— አይ፣ እኔ መጀመሪያ ይቅርታ ልጻፍ ብል ታውቀኛለህ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ራሴን ጀግና አድርጌ ቁጭ ነው። እጽፋለሁ፣ ግን ካንተ በኋላ። ቅድሚያ አንተ ጻፍ። ስሜን ጥቀስ፣ አትሸፋፍነው። … ጽሑፍ አልችልም? መሰካት ትችል የለም እንዴ? እንደምትሰካው ጻፈው፦ ይኼ ገመድ ከዚህ ወጥቶ እዚህ ይገባ ነበር፣ እዚህ ጋ ሲደርስ እገሌ የሚባል ሰው ነቀለው፤ በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት የራሷን እጅ ዜማ ግማሹን አጣች። በቃ። ማሳመሪያ አታስገባበት።

— ልዝጋው፣ እየጠራችኝ ነው። … አይ፣ እዚህ አትመልስልኝ። ብትምረኝም ባትምረኝም በስልክ አልቀበልህም። የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው፤ በሚቀጥለው እትም፣ እዚያው ገጽ ላይ፣ በሰው ፊት መልስልኝ።