ያዙኝ ያለው ሹፌር

የምስክሯ መጠሪያ፦ ስሟ እንዳይገለጥ ስለጠየቀች በሥራ ቦታ ቅጽል ስሟ «እሜቴ ሚዛን»
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ በጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ የክብደት መዝጋቢ
አድራሻ፦ ከጣቢያው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሥራ ላይ ሳለሁ፣ አሁን በፖሊስ ጥበቃ ሥር ሆስፒታል የተኛው ሹፌር የግንባታ ብረት የጫነ ባለተሳቢ መኪና ይዞ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ ነበር፤ ብረቱም ከተሳቢው አልፎ አስፋልቱን ይጠርግ ነበር። ሌላ ሹፌር ቢሆን ይለማመጠኛል፣ አለዚያም ይሰድበኛል። ይህኛው ግን ወደ መስኮቴ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ በፈጠረሽ ያዢኝ» አለኝ። ፍሬኑ እንደደከመ ለባለንብረቱ ቢነግርም «ካልነዳህ ቁልፉን አስቀምጠህ ሂድ» መባሉን፣ እኛ ከያዝነው ግን ሰበብ እንደሚሆንለት አስረዳኝ። ያዙኝ የሚል ሹፌር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ደንቡ ትርፉ ሳይራገፍ መኪናው አይንቀሳቀስም ይላል። የጣቢያችን ማራገፊያ ግቢ ግን ለመኪና ማቆሚያ ከተከራየ ቆይቷል። ስለዚህ የእኛ ልማድ ሌላ ነው፤ ባለንብረቱ ቅጣቱን በስልክ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ መኪናው ከነትርፉ ይሄዳል። ደረሰኝ ክብደት የሚቀንስ ይመስል! ለፈረቃ ኃላፊው የፍሬኑን ነገር ተናግሬ «ጋሼ፣ ይህን እንኳ እናቁመው» ብላቸው፣ «ተከፍሎበታል እኮ! አንቺ ደግሞ ነገር ስትወጂ፤ አሳልፊው» አሉኝ። ሹፌሩ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። ማገጃውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እጄን በቆረጠው!

መኪናው ከጣቢያው ወዲያ ባለው ቁልቁለት ፍሬን አጥቶ፣ ግርጌው ላይ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ እናትና ልጅ ገድሎ ገደል መግባቱን የሰማሁት ፈረቃዬ ሳያልቅ ነው። ኃላፊው «ሹፌሩ የፍሬኑን መድከም ደብቆን አለፈ» የሚል ቃል መስጠታቸውን ከመርማሪው ተረድቻለሁ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ያ ሰው አልደበቀም፤ ለመነ። በዚህ ነገር እሱ ብቻውን ወህኒ ከወረደ ግፍ ነው፤ የሚታሰር ካለ እኔም ኃላፊውም ባለንብረቱም እንታሰር።

ከአደጋው ወዲህ መንገዱ በተቆጣጣሪ ተሞልቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ትናንት ታዲያ ያው ብረት እንደተጣመመ ከገደል ተለቅሞ፣ በዚያው ባለንብረት ሌላ መኪና ተጭኖ ሚዛኔ ላይ ወጣ። አሁንም ትርፍ ነው። አሁንም «ተከፍሎበታል፣ አሳልፊው» ተባልኩ። እኔም የመኪናውን ቁልፍ ነቅዬ ወሰድኩ፤ ወዲያው ከሥራ ታገድኩ።

ቁልፉን ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤ ነበር። መርማሪው ግን መኪናው ቅጣቱ የተከፈለበት ስለሆነ ቁልፉ በኤግዚቢትነት እንደማይያዝና ለባለንብረቱ እንድመልስ ነግረውኛል።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ያልኩት ይኸው መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት ከተገኘበት በሕግ ልጠየቅ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ቁልፉን መልሳ እንድትወስድ ብትጠየቅም «ዛሬ ደግሞ እናንተ አሳልፉት» ብላ ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጥታለች።