መድኃኒት የለበሰው ቱቦ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ከዋሸሁ ምላሴ ፀሐይ እንደመታው ቀለም ይላጥ።

አርባ ዓመት መኪና ሲቀቡ የኖሩት ጋሼ ብሩሽ ከሌሊት ጀምሮ ሽንት እምቢ ብሏቸው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሐኪሙ «የሽንት ማውጫ ቱቦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልገባልዎ ኩላሊትዎ ይጎዳል» ሲላቸው ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ ወደ መውጫው ገሰገሱ። አይፈረድባቸውም። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ቱቦ ገብቶላቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ጀርም ቱቦው ላይ ተራብቶ በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ አልጋው አብሯቸው ክፍሉን ዞሯል።

ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ካርቶን ከያዘች ሴት ጋር ተላተሙ። የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ አሁን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናለች።

«ጋሼ! በባዶ እግር ወዴት?»

«ወደ ቤቴ! በቱቦ ከምሞት በአልጋዬ ልሙት።»

«እኔ እኮ ቱቦ ይዤ ወደዚሁ ክፍል መምጣቴ ነው። ይኼኛው ገጹ ጀርም የሚገድል መድኃኒት የለበሰ ነው። የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፈቅዶ እየተሞከረ ነው፤ እርስዎ ካልፈረሙ ግን ማንም አይነካዎትም።»

«መድኃኒት በፕላስቲክ ላይ? ለማን ነው የምታወሪው ልጄ? ስንት የመኪና ፕላስቲክ መከላከያ፣ ስንት ፓራውልት ቀብቼ በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ተላጦብኛል! አሁን ደግሞ ሆዴ ውስጥ ሊላጥ?»

ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት የታሸጉ ቱቦዎች ናቸው። ጋሼ ብሩሽ አንዱን መንጭቀው ማሸጊያውን ቀደዱና፣ ማንኛውንም ቀለም እንደሚፈትኑት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቁት።

«ጋሼ! ምን አደረጉ? በጥፍር የተነካ ቱቦ ሰው ውስጥ አይገባም! አሁን የቀረን አንድ ብቻ ነው!»

ጥፍራቸው ላይ የወጣ ነገር የለም። አፍረው ሊናገሩ ሲሉ ሕመሙ አጎበጣቸው፤ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ከሰዓቱ ግማሹ አልፏል።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እስቲ ይንገሩኝ፤ ያ የተላጠብዎ ፓራውልት ኋላ እንዴት ቀለም ያዘ?»

«ሞኝ መሰልኩሽ? በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ በነበልባል ገረፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ከተንከባለለ ገና ነው፤ ከተነጠፈ ቀለም ይይዛል። ይህን ያላወቀ ቀቢ አይባልም።»

«እኛስ ምን አደረግን? በነበልባሉ ፈንታ በኤሌክትሪክ የተቀሰቀሰ ጋዝ ነው የምናሳልፍበት። ያ ልሙጥ ገጽ መያዣ ያገኛል፣ መድኃኒቱን እናስይዘዋለን። ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ጀርሙን ገና ከማረፉ ይገድላል።»

«ውሃ አምጪ!»

ከቧንቧው በኩባያ ተቀዳ። ልጅቱ ከክፍሉ ባመጣችው፣ መድኃኒት በሌለው ተራ ቱቦ ላይ ጠብታዋ ተንከባልላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጋሼ በፋቁት ላይ ግን ሳትንከባለል ተነጠፈች። ሽማግሌው ደጋግመው አዩዋት።

«እስከ መቼ ይይዛል?» አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«ለዘላለም አይደለም። በጥቂት ሳምንት መድኃኒቱ ያልቃል፣ ቱቦው ይቀየራል። እጅ ካልታጠበ፣ የሽንት ከረጢቱም ከወገብ በላይ ከተሰቀለ ይኼም አያድንዎትም።»

«በይ ወረቀቱን አምጪው። የሥራውን ጉድለት ሳይደብቅ የሚነግረኝ ባለሙያ አግኝቼ አላውቅም።» ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «አንዱን ቱቦሽን አበላሸሁብሽ፤ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

የቀረችው አንዷ ቱቦ ሰዓቱ ሳይሞላ ገባች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትኩሳት አልጎበኛቸውም፤ ኩላሊታቸውም ተረፈ። ዛሬ ለምርመራ በመጡ ቁጥር ቱቦ የሚፈራ በሽተኛ ፈልገው ኩባያና ውሃ ይዘው ያስተምራሉ። እጁን ሳይታጠብ ቱቦ የሚነካ አስታማሚ ካዩማ ወዮለት!

ምላሴ ጫፏን ስላሳከከኝ ግን ልናዘዝ። የጋሼ እንባና ይቅርታ የእኔ ፈጠራ ናቸው። ጋሼ ብሩሽ ሲፈርሙ ያሉት «ቅቡ ጫፉ ላይ ሳስቷል፤ እኔ ብሆን ሁለት እጅ እቀባው ነበር» ብቻ ነው።