የኮሊን ልጅ ሆላንድ የሄደ ጊዜ

በእኛ ጊዜ እዚህ ዳላስ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ቅዳሜ ጠዋት አዲሰን ነበር የምንሰበሰበው፣ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ነበር፣ እና ከሌሊት ሥራ የወጣውም፣ ታክሲውን ፓርክ ያደረገውም እዚያው ነው። እኔ ያኔ ፋርመርስ ብራንች የምትባል ጎረቤት ከተማ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ሱፐርቫይዘሬ ኮሊን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፣ የቴክሳስ ሴት አግብቶ የመጣ። ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው ልጅ፣ ጄሚ፣ እዚያው እንግሊዝ ትልቅ ክለብ ውስጥ ነው። ትልቅ ክለብ አልኳችሁ እንጂ ይጫወታል አላልኩም። ተቀምጦ ነው፣ ልጆች። ዓመቱን ሙሉ ቱታ ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ታዲያ አንድ ቀን ብሬክ ላይ ኮሊን መጣና «በላይ፣ አንተ ኳስ ተጫዋች ነበርክ አይደል? አንድ የሆላንድ ክለብ ልጄን በውሰት ፈልጎታል፣ እሱም ልሂድ ይላል። እኔ አትሄድም ብዬዋለሁ» አለኝ። ለምን? አልኩት። «የእንግሊዝ ልጅ ውጭ ወጥቶ አይጫወትም። ዓለም ነው ወደኛ የሚመጣው» አለ፣ እንዲህ ደረቱን ነፋ አድርጎ። አለቃዬ ነው፣ ልሰድበው አልችል፣ «ቅዳሜ አብረን ኳስ እንይ» አልኩት።

ቅዳሜ አዲሰን ይዤው ሄድኩ። ኳስ የሚያውቁ ወንድሞቼ ይመክሩልኛል ብዬ እኮ ነው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? አንዱ፣ የኤርፖርት ሹፌር ነው፣ «ኖ ኖ፣ ከእንግሊዝ ወጥቶ ሆላንድ? ይረሳል፣ በቃ፣ ማንም አያየውም» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ቋንቋውን አያውቅ፣ ሰው አያውቅ፣ ልጅ እኮ ነው፣ ለምን ይንከራተታል?» ኮሊንም «አየህ?» ይለኛል።

ያኔ ተነሳሁ፣ እና አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ቀላቅዬ ለቀቅሁባቸው። «ቆይ፣ አንተ ከጎንደር በዲቪ ሎተሪ መጥተህ፣ ቋንቋ ሳታውቅ የሰው አገር ሃይዌይ ላይ መኪና የምትነዳ አይደለህም? አንተስ፣ ስትመጣ ማንን ታውቅ ነበር? አንተስ ኮሊን፣ ቴክሳስ ምን ትሠራለህ? እኛ ለእንጀራ ባሕር ስንሻገር ጎበዝ ተባልን፣ ልጁ ለሙያው ቢሻገር ጠፋ ይባላል?» አልኳቸው። ማለቴ፣ እኔ ራሴ በወጣትነቴ አገሬ ተጠባባቂ ነበርኩ፣ ካርቱም ሄጄ በዚያ አቧራ ሜዳ ላይ በየሳምንቱ አሰለፉኝ፣ እና ግራ እግር እንዳለኝ ያወቅሁት እዚያ ነው። ሲሰድቡኝም በዐረብኛ ነው፣ ስለማይገባኝ ዝም ብዬ እጫወታለሁ።

ኮሊን ቁልፉን አንስቶ ወጣ። በቃ ከሥራ አስወጣኝ ብዬ ነበር። ሰኞ መጣና ፊቱን እንዳጠቆረ «ይሂድ ብዬዋለሁ» አለኝ።

ክረምቱ ላይ ልጁ ለአባቱ ኮል እያደረገ ያለቅሳል። ብርዱ፣ ብቸኝነቱ። ኮሊን እኔ ላይ መጥቶ «ያንተ ሥራ ነው» ይለኛል። «ይጫወታል?» አልኩት። «ይጫወታል።» «እንግዲያ እየተጫወተ ያልቅስ» አልኩት።

ታዲያ ውሰቱ ሲያልቅ የእንግሊዙ ክለብ መልሶ ሊያስቀምጠው ፈለገ። ልጁ እምቢ አለ፣ ሆላንዶቹም ገዝተው አስቀሩት። በበጋው አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ አዲሰን አብሮን ተቀመጠ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ የሰው ዓይን እያየ የሚያወራ ልጅ ሆኖ። እና ያ ሹፌር፣ ይረሳል ያለው ሰውዬ፣ ከሁሉ ቀድሞ አቅፎት «እኔ ያኔም ሂድ ብዬ ነበር» አይል መሰላችሁ? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጠራ?»

አልተጠራም። ምነው፣ ካልተጠራ ዋጋ የለውም? አብረውት ወንበር ላይ የነበሩት ምን ሆኑ ብለህ ለምን አትጠይቀኝም? ኮሊን ራሱ ስማቸውን ረስቷል። ጄሚ ግን በየሳምንቱ ተጫወተ። ተጫዋች ማለት የሚጫወት ሰው ነው፣ ይሄ እንዴት ይጠፋችኋል?