ኦፓል ስንተኛ ክፍል ናት?

ቨርሎን ስትሮድ ጥጃዎቹን ለጨረታ አስረክቦ፣ ቤት ከሚያስተምራት ልጁ ከኦፓል ጋር የከብት ገበያው ምግብ ቤት ተቀምጦ ነበር። ያን ዕለት ሊያያት የማይፈልጋት ሰው ብትኖር የወንድሙ ልጅ ሮዌና ነበረች፤ እሷው ትሪዋን ይዛ መጥታ እፊቱ ቆመች። ሮዌና መምህርት ናት። ትርፍ ጊዜዋን ደግሞ ቤታቸው የሚማሩ ልጆች ዕውቀታቸው ከእኩዮቻቸው ጋር መሄድ አለመሄዱን እየመዘነች ለወላጆቻቸው ትነግራለች።

"አጎቴ፣ ልቀመጥ?"

"ወንበሩ የኔ አይደለም።"

ተቀመጠች። "አክስቴ ደውላልኝ ነበር።"

ቨርሎን ሹካውን አስቀመጠ። የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራው ሚስቱ፣ "ልጅቷን ትምህርት የሚያውቅ ሰው ይያት፤ ወደ ኋላ ቀርታ ከሆነ ነሐሴ ላይ ከተማ ትምህርት ቤት ትገባለች" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ቨርሎንን የኋለኛው ወንበር ላይ ያሳደገው፣ ድርሰቱ በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ ለክፍሉ ልጆች መሳቂያ የተነበበበት ነው። ያነበበችው አስተማሪ ስትሞት ከተማው አበባ ይዞ ቀበራት። ከሳቁት ልጆች አንዱ ዛሬ ባንክ ቤት ተቀምጧል፤ ቨርሎን ሰላም ሲለው ስሙን ይጠይቀዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

"ኦፓል አምስተኛ ክፍል ናት" አለ። "መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ጨርሳለች። ሽፋኑ ላይ አምስት ይላል፤ መቼም ኮሌጅ ድረስ ልከውሽ ቁጥር ማንበብ አያቅትሽም።"

"ሽፋኑ የሚናገረው የመጽሐፉን ክፍል ነው፤ የልጅቷን አይደለም። አንዱ አሳታሚ አምስተኛ ያለውን ሌላው አራተኛ ይለዋል።"

"ስጠይቃት ትመልስልኛለች።"

"ስትመልስ ወዴት ታያለች?"

"ወደ እኔ ነዋ። ወዴት ልታይ ኖሯል?"

"እሱ ነው የሚያሳስበኝ። አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ልጇ ሲሳሳት ቅንድቧ ይነሣል። እሷ አይታወቃትም፤ ልጁ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ቅንድቧን ማንበብ ለምዷል።"

"እኔ ቅንድብ የለኝም። ብየዳ በልቶታል።"

ኦፓል ሳቀች። ሮዌና ፈገግ አለች እንጂ አልለቀቀችውም።

"እዚህ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ልጅህን አምጣና ልፈትን የሚለኝ የለም" አለ ቨርሎን። "ሕጉ ከኔ ጋር ነው።"

"ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ከኦፓል ጋር ማን አለ? ዛሬ ጥጃዎቹን ሲያመጡ ክብደታቸውን ገምተው አልነበረም?"

"ገምቻለሁ። ብዙም አልስትም።"

"ታዲያ ሚዛን ላይ ለምን አወጧቸው?"

"ልጄ ጥጃ አይደለችም፣ ሮዌና።"

"አይደለችም። ጥጃው ቢከሳ ኪስዎ ይጎዳል። እሷ ወደ ኋላ ብትቀር የምትጎዳው ራሷ ናት፤ ያውም እኛ ካለፍን በኋላ።"

የተማረ ሰው በሰው ሙያ ገብቶ ሲናገር ያናድዳል፤ ልክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቨርሎን ፊቱ ቀላ።

"እሺ፣ ጠይቂያት። እዚሁ፣ ፊቴ።"

"ፊትዎ ሳይሆን ጀርባዎ ነው የሚያስፈልገኝ። ወንበርዎን ያዙሩልን።"

ጥርሱን ነክሶ ዞረ። ሮዌና ጋዜጣ ስታስነብባት ሰማ፤ ኦፓል ሳትደናቀፍ አነበበች፣ የተባለውንም በራሷ ቃል አስረዳች። ሂሳቡን ሰማ፤ ልጅቱ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። ትከሻው ረገብ አለ።

"አሁን ደግሞ ጠዋት ጥጃዎቹን ስትጭኑ የሆነውን ጻፊልኝ። አንድ አንቀጽ ይበቃል።"

እርሳሱ ትንሽ ጫር ጫር አለና ቆመ። ጨረታ መሪው በድምፅ ማጉያው ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል።

"ልንገርሽ?" አለች ኦፓል ቀስ ብላ። "እኛ ቤት አንጽፍም። አባባ በቃል ይጠይቀኝና ‘ታውቂዋለሽ’ ብሎ እናልፈዋለን።"

ቨርሎን ሳይፈቀድለት ዞረ። ልጁ ሦስት ቃል ጽፋ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፍናዋለች።

"በንባብና በሂሳብ እኩዮቿን ትቀድማለች" አለች ሮዌና። "ይህ የእርስዎ ልፋት ነው፤ ማንም አይወስድብዎትም። በጽሑፍ ግን ሁለተኛ ክፍል ላይ ናት።"

"ደደብ ናት ነው የምትይኝ?"

"አጎቴ፣ አንድ ልጅ በአንዱ ሰባተኛ፣ በሌላው ሁለተኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። ምዘና የጎደለውን ቦታ ለማግኘት ነው እንጂ ልጅ ላይ ስም ለመለጠፍ አይደለም። እርስዎን ግን፣ አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ያኔ ትምህርት ቤት መዝነዎት አያውቁም። ሰደቡዎት እንጂ።"

ይህን የሚለው ሰው ሲጠብቅ ነበር የኖረው። ከገዛ ወንድሙ ልጅ፣ ያውም ከአስተማሪ አፍ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም።

"ያላጻፍኳት ያ ቀይ ቀለም እንዳይነካት ብዬ ነው" አለ፤ ድምፁ ወረደ። "ነሐሴስ?"

"ቀዩን ይተዉትና እርሳሱን ይስጧት። በየጠዋቱ ጥቂት ትጻፍ። ነሐሴ ከመግባቱ በፊት ሌላ መምህርት ትያት፤ እኔ ዘመድ ነኝ፣ አደላ ይሆናል። አክስቴን አነጋግራታለሁ። ጉድለቱ ካልሞላ ግን ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ያኔ እንዳይከራከሩኝ።"

ቨርሎን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። "አልከራከርም" አለ።

ልጁን ቤቱ የሚያስተምር ወላጅ ከዚህ የሚማረው አለ። የራስን ልጅ የራስ ዓይን ብቻ አይመዝናትም፤ ፍቅር ያያታል፣ ፍርሃት ይጋርዳታል። በየዓመቱ ባዕድ ዓይን ቢያያት የበረታችበት ይታወቅላታል፣ የደከመችበት ሳይሰነብት ይጠገናል፣ ወላጅም በግምት ከመጨነቅ ያርፋል። የአባትን ፍርሃት ልጅ መውረስ የለባትም።

ሰኞ ጠዋት ኦፓል ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አራት መስመር ጽፋ ወረቀቱን ለአባቷ ዘረጋችለት፤ አንዱ ጥጃ ከመኪናው ዘሎ ጎረቤት አትክልት ውስጥ መግባቱን ነበር የጻፈችው። ቨርሎን ሁለት ጊዜ አነበበው። ስህተቱን አየ፤ ቀይ ቀለም ግን አላነሣም።

"ከዚያስ?" አላት። "ጎረቤቲቱ ምን አለች?"

ኦፓል ወረቀቱን መልሳ ወስዳ ልትጽፍ ጎንበስ አለች።