መርዝ ያልቀመሱት ንቦች

እንግዲህ ጭንብላችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ብሉ፤ መስኮቱ ግን ይከፈት፣ እትዬ የአለምወርቅ እያዩን ነው። የእንግሊዝኛው የጡረታ ሽኝታቸው ባለፈው ሳምንት በዙም ተደርጓል። ዳይሬክተራችን አመሰገነ፤ እትዬም ረጅም ምርቃት መረቁን። ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር የሰማቸው እግዚአብሔር ብቻ ነው። የዛሬው እዚህ የሐበሻ ሰፈራችን ጀፕ፣ በአማርኛ ነው።

እትዬ መሥሪያ ቤታችን የገቡ ቀን እኔ አልነበርኩም። ምስክሬ ቀፎ የሚጭነው ሾፌራችን ስዩም ነው፤ ካጋነንኩ ያርመኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ሜይፌር ሰፈር ያለው ቤታቸው መስኮት ላይ የንብ መንጋ ሰፍሮ ያገኛሉ። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮቱን ይዘጋል። እሳቸው በጫማ ካርቶን አስገብተው፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽገው ታክሲ ተሳፈሩ።

"ማማ፣ ካርቶኑ ውስጥ ምንድነው የሚጮኸው?" አለ ባለታክሲው።

"ንብ ነው። አይዞህ፣ ታሽጓል።"

ታክሲው ባዶ ሆነ። ባለታክሲው ራሱ ወርዶ፣ ውጭ ቆሞ፣ "ማማ፣ ፕሊስ፣ ውረጂልኝ" ብሎ ለመናቸው። ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ሄደው አርፍደው ደረሱ። ስዩም ለምን ይዘው እንደመጡ ሲጠይቃቸው፣ "አዲስ ቤት ባዶ እጄን እንዴት ልግባ?" አሉት።

ሥራችንን ለማታውቁ፦ ገበሬ ሰብሉ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ንብ ይገድል እንደሆነ የምንፈትነው እኛ ነን። ንቦቹን በትንንሽ የሽቦ ሳጥን እናስቀምጣለን። ለአንዱ ሳጥን መድኃኒቱን በስኳር ውሃ እናጠጣለን፣ ለሌላው የስኳር ውሃ ብቻ። ከዚያ የሞተውን መቁጠር ነው። እትዬ ሁልጊዜ ቀድመው የሚሄዱት ምንም ወዳልተሰጠው ሳጥን ነው። "እነዚህ ደህና ካልሆኑ ስለዚያኞቹ ማውራት አንችልም" ይላሉ።

ይህ አመላቸው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ለሰውም ተረፈ። ኮሮና የገባ ሰሞን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያልጠጣ ማን አለ? ያ እየሳቀ ያለው የሂሳብ ሠራተኛችን ሀይለየሱስ "ፌጦ ነው ያዳነኝ" እያለ መጣ።

"አብሮህ የሚኖረውስ ጠጥቶ ነበር?" አሉት።

"ኧረ እሱ ሽታውንም አይወድ።"

"ታዲያ እንዴት ሆነ?"

"አብረን ታመን ከእኔ ቀድሞ ተነሳ።"

"በል እንግዲህ፣ እግዜር ይማርህ" ብለውት ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሀይለየሱስ ዛሬም ፌጦውን ይጠጣል፤ ለእሳቸው ግን አይነግርም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሎክዳውኑ እንደጀመረ አንድ ደንበኛ ብቻ ቀርቶን ነበር፤ ለሱፍ አበባ የሚረጭ መድኃኒት አምራች። እሱ ከቀረ ሰው ይቀነሳል። መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ መጨረሻ የገባው፣ እኔ ነኝ። የስደተኛ ወረቀት የሚያድሰው ሆም አፌርስ ተዘግቶ ፔፐሬ ጊዜው አልፎበታል፣ ሚስቴ ፊቤ እርጉዝ ናት። ሌላ ቦታ ማን ይቀጥረኛል?

መድኃኒቱን የጠጡት ንቦች ሞቱ። ካልጠጡትም ብዙዎቹ ሞቱ። ዳይሬክተሩ "ልዩነቱ ይታያል፣ ውጤቱን እንላከው" አለ። እትዬ የስኳር ውሃ ማጠጫዎቹን አንስተው፣ ጭንብላቸውን ዝቅ አድርገው አሸተቱ። ሎሚ ሎሚ ይላል። ከዚያ የገዛ እጃቸውን አሸተቱ። ኮሮና እንዳይዘን ብለው ማጠጫዎቹን ሁሉ በሳኒታይዘር የወለወሉት ራሳቸው ነበሩ።

"እነዚህን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እንደገና ይሠራ" አሉ።

"መድኃኒቱ ገዳይ መሆኑ አልቀረ፣ ምን ለውጥ አለው?"

"ገዳይ ሊሆን ይችላል። እኛ የገደልነውን ግን እሱ ላይ አናላክክም።"

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። "ማናሴ፣ ደንበኛው ከቀረ የምትወጣው አንተ ነህ። አውቄ ነው የተናገርኩት።" ይቅርታ እንኳ አልጨመሩበትም። ተናደድኩ። ፊቤ ደግሞ ከእኔ ብሳ፣ "የእሷ ጡረታ ደርሷል፣ ምን ቸገራት" አለች። ይኸው ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች፣ ትካድ።

እንደገና ሠራን። መድኃኒቱ ይገድላል፤ ግን የመጀመሪያው ፈተና ያሳየውን ያህል አይደለም። ሱፉ ሲያብብ እንዳይረጭ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ደንበኛው ለሳምንታት ድምፁ ጠፋ፤ እኔም በየቀኑ ስንብቴን ጠበቅሁ። በኋላ ሌላ ምርት ይዞ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ አላውቅም፣ ምናልባት ሌላ ላቦራቶሪ አጥቶ ይሆናል። እትዬን ስጠይቃቸው፣ "ባይመለስም እንደዚያው አደርግ ነበር" አሉኝ።

እትዬ፣ ልጃችን ማራናታ ትኩሳት ሲይዛት ሽሮፕ ከመስጠቴ በፊት ጠርሙሱን አገላብጬ አያለሁ። ይህን የፈተነው ሰው እንደ እርስዎ ያለ ይሁን ብዬ እመኛለሁ። ያኔ ተናድጄብዎት ነበር፣ ያውቁታል። ዛሬ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። ፊቤም ታመሰግናለች፤ ብርዙን የበጠበጠችው እሷ ናት። ማሩ ከላቦራቶሪው ጓሮ፣ ከጫማ ካርቶኑ ንቦች ቀፎ ነው። ከዚያ ቀፎ ለፈተና አንድም ንብ ተወስዶ አያውቅም፤ እትዬ መቼ ያስነኩና።

ብርጭቆ አንሱ። እትዬ የአለምወርቅ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ የልጅ ልጆችዎን ለመዳር ያብቃዎት። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ "እሳቸው ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር" ይላል። እርስዎ ግን "ያለ እኔ አይታችሁት ታውቃላችሁ?" እንደሚሉን አውቃለሁ። አላየነውም። ከሰኞ ጀምሮ እርስዎ የሉም፣ ምንም ያልተሰጠው ሳጥን እኛ ነን፤ አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ይቁጠሩን። ለጤናዎ።