በፌስታል የታሰረ ሽቦ
ይህ የታክሲ ወሬ ለመጻፍ ይበቃል ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንሄድ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተቀምጠው ነበር።

«ለሶላር የትኛው ሽቦ ይሻላል፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

«ወፈር ያለው ነው አባቴ። ጫፉ ላይ ግን ኮኔክተር፣ የሽቦ ማያያዣ ማለቴ ነው፣ ይግዙለት።»

«የኔው ነበረው። ሽቦው አውድማው ድረስ አልደርስ ሲለኝ ኮኔክተሩን ቆርጬ በሌላ ሽቦ ቀጠልኩት።»

«በምን አሰሩት?»

«በእጄ ጠምዝዤ፣ በፌስታል።»

«አይ አባቴ! ፌስታል ለሽንኩርት ነው እንጂ! እሳት ይነሳል እኮ።»

«ተነሳ እንጂ። ጤፌን ከብት እንዳይበላብኝ ብዬ መብራቱን ክምሩ ላይ ሰቅዬው ነበር።»

«ክምሩስ?»

«አመድ ሆነ። የዓመት ቀለቤ ነበር።»

ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታዲያ አሁን ሽቦ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለኔማ ምን ሊያደርግ! ለጎረቤቴ ነው። የሱንም ሽቦ በፌስታል ያሰርኩለት እኔው ነኝ፤ የሱ ክምር ገና አልተወቃም።»

እኔም ከቤት የተላከልኝን የአዲስ ጤፍ ዱቄት ሽማግሌው እንዳያዩት በእግሬ ወደ መቀመጫው ስር ገፋ አደረግሁት፤ ዕለቱ ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበት የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነበር።