ሳትጮህ የተነሳችው መኪና

ሰው ሳይቀጣጠር የሚገናኝበት ቦታ ብዙ ነው፤ ተገናኝቶ መሸሽ የማይችልበት ግን የነዳጅ ሰልፍ ነው። ጋሽ ጆሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማደያው አርባ መኪና ያህል ርቀው፣ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው ተቀምጠው ሳለ፣ የወዲያኛው በር ተከፈተና ምራታቸው የተማሪዎቿን ደብተር እንዳቀፈች ገባች። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በእግሯ ስትመለስ ነው ያገኘቻቸው። ያችን ሰማያዊ መኪና በሰፈሩ የማያውቃት የለም፤ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች።

ጋሽ ጆሮ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የጋራዥ ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ያወጡትም በከንቱ አይደለም። ሌላው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ብሎን ፈትቶ፣ እስከ ክርኑ በቅባት ተለውሶ የሚደርስበትን ብልሽት እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በማዳመጥ ብቻ ያገኙት ነበር። «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ታማለች» ካሉ ታማለች። ጡረታ ከወጡ በኋላም አንድ ልማድ አልተዉም፤ ማለዳ ከሁሉ ቀድመው ይነሱና የራሳቸውንና የልጃቸውን መኪና አስነስተው ሩብ ሰዓት ያሞቃሉ። ጩኸቱ ለቤቱ እንደ ደወል ነው። «ተነስታለች» ብለው ሲጣሩ ተኝቶ የሚገኝ ሰው ወዮለት። ጭሱ ጎረቤትን ያስመርር ነበር፤ ባለቤታቸውም ያሰጡትን ልብስ እያሸተቱ ያጉረመርሙ ነበር። ለጋሽ ጆሮ ግን ነገሩ ፍቅር ነው። ለልጅ የሞቀ መኪና ማስረከብ የሞቀ ምግብ ከማቅረብ አይለይባቸውም።

በዚያ ሰሞን ግን ቤቱ ክርክር ገብቶበታል። ልጃቸው መንገድ ቀያሽ ነው፤ ከሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን ከከተማ ርቆ ያድራል። እሱና መምህርቷ ሚስቱ ተማክረው ሁለቱን አሮጌ መኪናዎች ሊሸጡ፣ በምትካቸውም አንዲት የኤሌክትሪክ መኪናና አንዲት ሶኬት ላይ የምትሰካ ሃይብሪድ ሊያስገቡ አስበዋል። ሃይብሪዷ ባትሪም የቤንዚን ሞተርም ያላት ናት። ሰማያዊዋ ግን የጋሽ ጆሮ ስለሆነች ያለ እሳቸው ቃል አትሸጥም፤ ቃላቸውንም እስከ ቅዳሜ እንዲሰጡ ተለምነዋል። እንዲሞክሯት ተብሎ ረቡዕ ማታ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ከምራታቸው የሥራ ባልደረባ በውሰት መጥታ ግቢያቸው ቆማለች። በዚያው ሐሙስ ማለዳ ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዳቸው ሊያሞቋት ወጡና ተመልሰው፣ «ያቺ ነገር ሞታለች፤ በታክሲ ሂጂ» ብለው ለምራታቸው መርዶ ነገሯት። እሷም ረፍዶባት ስለነበር ሳታያት ሄደች።

አሁን ሰልፉ ላይ ተቀምጠው ጋሽ ጆሮ ሞተሩን አላጠፉም። የሰማያዊዋ ባትሪ ደካማ ስለሆነ አንዴ ካጠፏት መነሳቷን እንጃ። ስለዚህ ቤንዚን ለመቅዳት ቤንዚን ያቃጥላሉ። ምራታቸው፣ «ብዙ ቆዩ?» ስትላቸው፣ «ዘይቱን? ባለፈው ሳምንት ነው የቀየርኩት» አሏት። እሷም ድምፏን ከፍ አደረገች። ከፍ ማድረጓን ልብ ብለዋል፤ ከፋቸውም።

«አባባ፣ ለምን እምቢ እንዳሉ ዛሬ ይንገሩኝ» አለች። «የምጠይቅዎት ለማሸነፍ አይደለም። እኛ ያላየነው ነገር ካለ እንድናይ ነው።»

«እንግዲህ ከጠየቅሽ ስሚ፣ መምህርቷ። እግሬ ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ኤሌክትሪክ ይሻላል ካላችሁ ሁለቱንም ኤሌክትሪክ አድርጉ። ቤንዚን ይሻላል ካላችሁም ቤንዚን አለን። አንዷን ከዚህ፣ አንዷን ከዚያ፣ ይባስ ብሎም በአንዲት መኪና ሆድ ውስጥ ሁለት ሞተር። ይህ ሐሳብ አለመቁረጥ ነው።»

«ተረቱ ልክ ነው። አንድ ሰው ሁለት ዛፍ አይወጣም። ግን እኮ ሁለት ሰው የግድ አንድ ዛፍ ላይ ይንጠልጠል አላለም።»

ጋሽ ጆሮ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ምራታቸው ነገር ታውቃለች፤ ልጃቸው ያገባት ጊዜም ያሉት ይህንኑ ነበር።

እሷም ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። የእሷ መንገድ ትምህርት ቤት፣ ገበያና አማቷን፣ የጋሽ ጆሮን ባለቤት፣ ሐኪም ቤት ማመላለስ ነው፤ በቀን አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዚህ የኤሌክትሪኳ አንዴ ከጠገበች ሳምንቱን ልትጨርስ ትቃረባለች። የልጃቸው መንገድ ግን አራት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ እንኳን ቻርጅ ማድረጊያ፣ ጥላ ያለው ዛፍም የለም። እሱን በኤሌክትሪክ ብቻ መላክ ሜዳ ላይ ጥሎ መምጣት ነው። ለእሱ ሃይብሪዷ ትሆናለች፤ ሩቅ ሲሄድ በቤንዚኑ፣ ከተማ ሲውል ደግሞ ጠብታ ሳይነካ በባትሪው ይሄዳል።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ሁለት ቀን ቢጠፋ የኤሌክትሪኳ ያጠራቀመችውን ትበላለች። ሳምንት ቢጠፋ ሃይብሪዷ ቤንዚን አላት። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ...» አለችና በአገጯ ሰልፉን አሳየቻቸው። «ዛሬ ሁለቱም መኪናዎቻችን ባዶ ናቸው፣ አባባ፤ ልጅዎም መስክ የሄደው በሰው መኪና ነው። የሚበሉት አንድ ነገር ስለሆነ አንድ ቀን ራባቸው። ሁለቱንም ኤሌክትሪክ ብናደርጋቸው ደግሞ መብራት የጠፋ ጊዜ እንዲሁ ይሆናሉ። የተለያየ ከበሉ ግን አንዷ ስትጎድል አንዷ ትሞላለች።»

ይህ ለጋሽ ጆሮ ገብቷቸዋል። ከቀትር ጀምሮ ሰልፍ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም። ነገር ግን መረዳት ሌላ፣ እሺ ማለት ሌላ ነው። ጭንቅላታቸው ወደ ፊት ሲሄድ ልባቸው ወደ ኋላ ቀርቶ አንድ ሌላ ነገር ያብሰለስል ነበር፤ ያንን ደግሞ ለማንም አልተናገሩም።

«ሁለት ሞተር ማለት ሁለት በሽታ ነው» አሉ።

መምህርቷ ይህን አልካደችም። እንዲያውም ከዚህ የባሰ ነገር እንዳለ ነገረቻቸው። «ሃይብሪዷን የሚሰካት ሰው ከጠፋ፣ ባትሪዋን እንደ ድንጋይ ተሸክማ በቤንዚን የምትሄድ ከባድ መኪና ናት። ትርፏ ድካም ብቻ። ልጅዎን ደግሞ ያውቁታል፤ የእጅ ስልኩን እንኳ ቻርጅ ማድረግ ይረሳል። በሌላ በኩል ለወራት በባትሪ ብቻ ከሄደች ቤንዚኑ...»

«ይበላሻላ» አሉ ጋሽ ጆሮ አቋርጠዋት። «ታንከር ውስጥ የተኛ ቤንዚን ውሎ አድሮ ይሞታል። አልፎ አልፎ ሞተሩን መቀስቀስ፣ ቤንዚኑንም ትኩስ እያደረጉ መጨመር ነው።»

«የግቢያችን የመብራት መስመርም ሁለቱን ባንድ ጊዜ መሙላት አይችልም። ነገ ማን ሩቅ እንደሚሄድ አይቶ ተራ የሚያስይዝ ሰው ይፈልጋል።»

ያ የምትፈልገው ሰው እሳቸው መሆናቸው ገባቸው። በዚያ መሐል የማደያው ሠራተኛ ከፊት እጁን እያወናጨፈ መጣ። ቤንዚን አልቋል። ሰልፉ ሲያወሩ ቀስ በቀስ ተንቀሳቅሶ ከፊታቸው የቀሩት አምስት መኪና ብቻ ነበሩ። ጋሽ ጆሮ ባለችው ጥቂት ቤንዚን መኪናዋን አዙረው፣ እየጮኸች፣ ወደ ቤት ነዷት።

ግቢ እንደገቡ ምራታቸው ደብተሮቿን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ጠዋት ያደረጉትን እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው። ጋሽ ጆሮ የኤሌክትሪኳ ውስጥ ገቡ። ግራና ቀኝ አስተካክለው ተቀመጡ፣ ፍሬኑን ረገጡ፣ እንደ አርባ ዓመት ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑና የማስነሻዋን ቁልፍ ተጫኑ። አዳመጡ። ምንም የለም። ደግመው ተጫኑ። ምንም።

«አየሽ፣ ሞታለች» አሉ።

መምህርቷ ከጎናቸው ገብታ በሩን ዘጋች። «አሁን ደግሞ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ አንዴ ብቻ ይጫኑት» አለቻቸው።

ተጫኑት። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት በራች።

«ተነስታለች፣ አባባ።»

ጋሽ ጆሮ መብራቷን አዩ። ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ምንም አይሰማም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈሩት የነበረው ነገር መጣ፤ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ልንገርሽ» አሉ። «ጆሮዬ ሄዷል። ሁለት ዓመቱ ነው። ሰማያዊዋን አልለቅም ያልኩት ለዚህ ነው፤ እሷን ቢያንስ እሰማታለሁ። ጋሽ ጆሮ ከጆሮው ከተለያየ ምን ቀረው? ይህችን ካመጣችሁ እኔ በዚህ ቤት ምን ልሠራ ነው?»

መምህርቷም ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት፣ «እኔም እኮ አልሰማትም» አለች። «ማንም አይሰማትም። ቆማ ሳለ ድምፅ የላትም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ጋሽ ጆሮ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ቀጥሎም አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ዞረው አዩዋት። «ቅድም ሰልፍ ላይ ስትጮሂብኝ ነበር። አሁን ዝግ ብለሽ ተናግረሽ ሰማሁሽ።»

«አሁን የሚጮህ ነገር የለማ» አለች። «አንዴ ሲጫኑት ያስነሳል፣ ሲደግሙት ያጠፋል፤ ለመሆኑ ጠዋት ስንት ጊዜ ተጫኑት?»

«ስምንት ጊዜ» አሉና በጣታቸው ቆጠሩ። ሲጨርሱ ሳቁ፤ ቤት ያሉት ባለቤታቸው ሰምተው በር ላይ እስኪወጡ ድረስ ሳቁ። «አራቴ አስነስቼ አራቴ ገድያታለሁ በይኛ።»

ከዚያ ይዘዋት ወጡ። ሁለት መንገድ እንኳ ሳይታጠፉ ጋሽ ጆሮ እጃቸውን አንስተው ምራታቸውን ዝም አሰኟት። ፍጥነቱን ቀነሱ፣ ጨመሩ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አደረጉ። «ከኋላ፣ የግራው ጎማ» አሉ። «ኩሽኔታው እየተበላ ነው። ጎማው የሚዞርበት ነገር ነው፤ ሽር ሽር ይላል።» እሷ ረቡዕ ከትምህርት ቤት እየነዳች ስታመጣት አልሰማችም፤ አሁንም ጆሯን ብታቆም አልሰማችም። በማግሥቱ መኪናዋን ያዋሰቻቸው ባልደረባ ጋራዥ ወስዳ ስታስፈትሽ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ።

ጋሽ ጆሮ ዓርብ ዕለት በምራታቸው ጉትጎታ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ፣ ጆሯቸው በዕድሜና በጋራዥ ጩኸት እንደ ደከመ፣ ነገር ግን ገና እንዳልሄደ ነገሯቸው፤ ማለዳ ማለዳ ከሚያጓራ ሞተር አጠገብ መቆሙን እንዲተዉም መከሯቸው። ቅዳሜ ልጃቸው ከመስክ ሲመለስ አባቱን ሰማያዊዋን ሲያጥቡ አገኛቸው። «ለገዢ ንጹሕ ሆና ትሂድ» አሉት፤ ቃላቸው ይኸው ነበር። ሲያደርቋት ጣሪያዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጓት፤ ልጃቸውም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለመተረክ ብዙ ቃል አያስፈልግም። በሳሎኑ በር አጠገብ ሁለት ሚስማር ተመቷል፤ አንዱ የኤሌክትሪኳ፣ አንዱ የሃይብሪዷ ቁልፍ ማንጠልጠያ ነው። ጋሽ ጆሮ በየማታው ከራት በፊት «ነገ ማን ወዴት ነው?» ብለው ይጠይቁና ተራ ያስይዛሉ። ልጃቸው ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ሃይብሪዷ ቀድማ ትሰካለች፤ ከተማ የሚውል ከሆነ በባትሪው እንዲመለስ ያስጠነቅቁታል፤ ሞተሯ ሳይቀሰቀስ የሰነበተ እንደሆነ ራሳቸው ይዘዋት ዞር ዞር ይላሉ። አንዴ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ፣ አንዴም ቤንዚን ከከተማው ደረቀ፤ በሁለቱም ጊዜ መምህርቷ ከክፍሏ አልቀረችም፣ ባለቤታቸውም ሐኪም ቤት ከመሄድ አልተስተጓጎሉም። ልብሱ ጭስ ጭስ አይልም። ጎረቤቶቹም ያቋረጡትን ሰላምታ መልሰዋል። «ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት ዛሬም ይተርቱታል፤ የሚያክሉበት ግን አላቸው፤ «ቤተሰብ ግን ይወጣል።» እውነታቸውን ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ አሮጌውን ዕውቀት ለማባረር የመጣ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚይዘው፣ የሚጠብቀውና ተራ የሚያስይዘው አዋቂ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ይህን ለአዛውንቱ በትዕግሥት ማስረዳት የተማረው ሰው ፋንታ ነው፤ ዓይንን ገልጦ ማየት ደግሞ የአዛውንቱ።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሎ ነበር፤ የቤቱ ደወል። መኪኖቹ በመጡ በመጀመሪያው ሰኞ የሚቀሰቅስ ጩኸት ስለጠፋ ሁሉም አረፈዱ። ጋሽ ጆሮ ለዚህም መላ አላጡለትም። አሁን ማለዳ ይወጣሉ፣ ገመዱን ነቅለው ይጠቀልላሉ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ቁልፉን አንዴ ይጫኑና አረንጓዴዋን መብራት ያያሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው መስኮት ሄደው በጣታቸው ያንኳኳሉ።

«ተነሱ እንጂ» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እሷ ከተነሳች ቆየች።»